በትልቅ ከተማ የመንግሥት መኖሪያ ቤት አመራረጥና አኗኗር፦ ከማመልከቻ እስከ ቁልፍ ርክክብ፣ ከዚያም በኋላ

የመንግሥት መኖሪያ ቤት ስንል በመንግሥት፣ በከተማ አስተዳደር ወይም ለትርፍ በማይሠራ ድርጅት ተሠርቶ ከገበያው ባነሰ ዋጋ የሚከራይ ወይም ለረጅም ዘመን በይዞታነት የሚሰጥ ቤት ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ዓመታት ተራ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ግን ቤቱን አይቶ እሺ ወይም እምቢ ለማለት የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም አንድ ጉብኝት ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በግድግዳው ቀለም፣ በወለሉ ንጣፍና በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ሰው ከገባ በኋላም በፈለገ ጊዜ ሊቀይራቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ቤት ሲያዩ የሚያገኙትን እንከን ሁሉ በሦስት ይክፈሉት፦ እርስዎ በራስዎ ገንዘብና ጉልበት የሚያስተካክሉት፣ አስተዳደሩ ብቻ የሚጠግነው፣ ማንም ሊለውጠው የማይችለው። የፈዘዘ ቀለም የመጀመሪያው ነው፤ የሚያንጠባጥብ የጋራ ቱቦ ሁለተኛው ነው፤ ፀሐይ የሚገባበት አቅጣጫና ከሥራ ቦታ ያለው ርቀት ሦስተኛው ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት በውሳኔዎ ላይ ክብደት ሊኖረው አይገባም፤ ሁለተኛው በአስተዳደሩ ትጋት ይመዘናል፤ ሦስተኛውን ግን መመርመር የሚቻለው ከመፈረም በፊት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ክፍፍል ላይ የቆሙ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ከቤቱ በፊት ደንቡን ይወቁ

ቤት የሚታደልበት መንገድ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ በምዝገባ ቅደም ተከተል፣ አንዳንዱ ጋ በችግር ክብደት በሚሰጥ ነጥብ፣ ሌላው ጋ በዕጣ ይሆናል፤ ክፍት የሆኑ ቤቶች ይፋ ወጥተው አመልካቾች የፈለጉትን የሚጠይቁበትም አሠራር አለ። ልዩነቱ ተራ የቢሮ ጉዳይ አይደለም፤ ምክንያቱም መታገሥ የሚጠቅመው የትኛው ጋ እንደሆነ፣ ሰነድ ማሟላት የሚጠቅመው የትኛው ጋ እንደሆነ የሚነግረው እርሱ ነው። በዕጣ በሚታደልበት ቦታ ቀድሞ መመዝገብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በነጥብ በሚታደልበት ቦታ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ሳያቀርብ የቀረ ሰው ለዓመታት ከሚገባው በታች ተመዝግቦ ሊቆይ ይችላል።

ጥቂት ምሳሌዎች ብንመለከት ደንብ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ግልጽ ይሆናል። በቪየና የከተማውን ቤት ለመጠየቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት በከተማዋ በዋና አድራሻነት ተመዝግቦ መኖር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሄደ ሰው የአድራሻ ምዝገባውን ባዘገየ ቁጥር ቤቱንም ያዘገያል። በፈረንሳይ ማመልከቻው በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ያላደሰ ሰው ከመዝገብ ይወጣል። በሆንግ ኮንግ አመልካቹ አንድ በአንድ እስከ ሦስት ቤት ይቀርብለታል፤ ሦስቱንም ያለ በቂ ምክንያት ከመለሰ ማመልከቻው ይሰረዛል፣ ለአንድ ዓመትም እንደገና ማመልከት አይችልም። በሲንጋፖር ደግሞ ቤቱ የሚሸጠው ለ99 ዓመት ይዞታ ሲሆን፣ ገዢው መልሶ ከመሸጡ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 5 ዓመት ሊኖርበት ይገባል።

እንግዲህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ የሚከተሉትን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይዘው ይመለሱ፦ ስንት ጊዜ እምቢ ማለት ይቻላል፣ እምቢታስ ተራን ያስቀራል ወይ? ማመልከቻው የሚታደሰው መቼ ነው? ልጅ ቢወለድ፣ ሥራ ቢለወጥ ወይም ገቢ ቢጨምር በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይገባል? በቤተሰብነት የሚቆጠረው ማን ነው? ውሉ የተፈረመበት ሰው ቢሞት ወይም ቢለይ በቤቱ የመቀጠል መብት ያለው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰዎች ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ነገር ግን ስሙ በውሉ ላይ ያልሰፈረ የቤተሰብ አባል በሐዘኑ ሳምንት ቤት ልቀቅ የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው የሚችለው በዚህ ዝምታ የተነሳ ነው።

ተራዎን እናስቀድማለን ብለው ገንዘብ ለሚጠይቁ ደላሎች ምንም አይክፈሉ። ገንዘቡ ከመቅረቱም በላይ፣ ድርጊቱ ሲደረስበት የሚሰረዘው የደላላው ሳይሆን የአመልካቹ ስም ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ወጪውን በኪራዩ ብቻ አይመዝኑ

በአሜሪካ የመንግሥት ቤት ነዋሪ የሚከፍለው ኪራይ በአብዛኛው ከተስተካከለ ገቢው (የተፈቀዱ ተቀናሾች ከወጡለት በኋላ ከሚቀረው) 30 በመቶ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ይሰላል። ይህ መጠን በሌላም አገር እንደ መለኪያ ይጠቀሳል፤ ለእኔ ግን ብቻውን የሚያሳስት ይመስለኛል። ኪራዩ ዝቅተኛ የሆነው ቤት ከከተማው ዳር ላይ ከሆነ፣ በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በትራንስፖርት ያልቃል፤ ከገንዘቡም በላይ ጊዜው ያልቃል። ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ በወር በ22 የሥራ ቀናት ሲባዛ 44 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት የሚበልጥ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ኪራዩን፣ የጋራ አገልግሎት ክፍያውን (ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ሊፍት፣ የደረጃ መብራት)፣ የመብራትና የውኃውን፣ ለማሞቂያ ወይም ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን፣ የቤተሰቡን ሁሉ የትራንስፖርት ወጪ ይደምሩ። የጋራ አገልግሎት ክፍያው ባለፉት ሦስት ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ ይጠይቁ። የኃይል ወጪውን ደግሞ ከአስተዳደሩ ሳይሆን በዚያው ሕንፃ ከሚኖር ሰው ይጠይቁ፤ የሚከፍለው እርሱ ነውና። ወደ ሥራ የሚወስደውንም መንገድ በካርታ ላይ ከመገመት ይልቅ በሥራ ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በእግርዎና በአውቶቡስ ይሂዱበት።

ቤቱ በይዞታ የሚገዛ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። የተወሰነ ዘመን ያለው ይዞታ ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፤ አበዳሪዎችም ለማበደር ያመነታሉ። የ30 ዓመት ሰው 40 ዓመት የቀረውን ይዞታ ቢገዛ፣ በ70 ዓመቱ እጁ ላይ ምንም እንደማይቀር አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ክፍሉን ከማየትዎ በፊት ሕንፃውን ያንብቡ

ይህ ደረጃ ከሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው የሚኖረው በክፍሎቹ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአስተዳደሩ እጅ ውስጥም ነው። አስተዳደሩ የሚመራው ጉብኝት ቀን ገና ካልደረሰ፣ ብቻዎን ሦስት ጊዜ ይሂዱ፦ አንድ ጊዜ ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ማለዳ፣ አንድ ጊዜ ምሽት ላይ፣ አንድ ጊዜ ከከባድ ዝናብ በኋላ። ማለዳ የሊፍቱን ሰልፍ ያያሉ፤ ምሽት ድምፁንና የመተላለፊያውን መብራት ያያሉ፤ ከዝናብ በኋላ ውኃው የት እንደሚያቁር፣ የትኛው ግድግዳ እንደጠቆረ ያያሉ።

በመግቢያው ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆመው ያንብቡ። የመጨረሻው ማስታወቂያ የተለጠፈው ባለፈው ሳምንት ነው ወይስ ከሁለት ዓመት በፊት? በሊፍቱ ውስጥ የምርመራ ወረቀት ተለጥፏል ወይ፣ ቀኑስ አልፎበታል? የደረጃው አምፖሎች ስንቶቹ ይበራሉ? የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ተራግፏል? የተሰበረ መስታወት ካለ በአዲስ ተተክቷል ወይስ በካርቶን ተሸፍኗል? ከእነዚህ እያንዳንዱ ብቻውን ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን አስተዳደሩ ለአቤቱታ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ ከማንኛውም ብሮሹር በላይ ይናገራሉ።

ቀጥሎ ነዋሪ ያነጋግሩ። «ቤቱ ጥሩ ነው?» ብለው ከጠየቁ ሰው በይሉኝታ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ዕቃ ተሸክመው ወደ ላይ የሚወጡ እናት ካገኙ ዕቃውን ያግዙና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «እማማ፣ ሊፍቱ መጨረሻ የተበላሸው መቼ ነው? ሲበላሽስ ስንት ቀን ይቆያል?» መልሱ ቁጥር ይሆናል፤ ከቁጥር በኋላ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ይከተላል።

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የፕሩት አይጎ መንደር ለዚህ ደረጃ ትልቅ ትምህርት አለው። ባለ 11 ፎቅ የሆኑ 33 ሕንፃዎች የነበሩት ይህ መንደር በ1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪ መቀበል ጀመረ፤ መፍረስ የጀመረው በ1972 ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሊፍቶቹ የሚቆሙት በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥረኛው ወለል ብቻ ስለነበር፣ የቀሩት ወለሎች ነዋሪዎች ሁልጊዜ ደረጃ ይወጡና ይወርዱ ነበር። ከዚህ የከፋው ግን የጥገናው ገንዘብ የሚወጣው ከነዋሪው ኪራይ መሆኑ ነው፤ ነዋሪ ሲቀንስ የጥገናው ገንዘብ ይቀንሳል፣ ጥገና ሲቀንስ ነዋሪ ይሸሻል። በአንጻሩ በቪየና በ1930 የተመረቀው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውና 1,382 ቤቶች የነበሩት ካርል ማርክስ ሆፍ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ «ሕንፃው ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ትልቁ ጥገና መጨረሻ የተደረገው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

አራተኛ ደረጃ፦ ወለሉንና አቅጣጫውን ይወስኑ

ምርጫ የሚሰጥዎ ከሆነ በየትኛው ወለል መኖር እንደሚሻልዎ በልማድ አይወስኑ። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ያጣል፤ ስለዚህ አሥር ወለል ላይ ለሚገኝ ቤት ውኃውን ወደዚያ ለማድረስ ብቻ 3 ባር ያህል ያስፈልጋል። ይህ ማለት በላይኛው ወለል የሚኖር ሰው ውኃ የሚያገኘው በፓምፕና በጣሪያ ታንከር ብርታት ነው ማለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱና ውኃው አብረው ይጠፉበታል። ሕንፃው የራሱ ጄኔሬተር እንዳለው፣ ካለም ፓምፑን ጭምር ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ወለል ፀጥታና ዕይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጣሪያው በቀጥታ ከራስዎ በላይ ስለሆነ ሙቀቱም፣ ብርዱም፣ የዝናብ ፍሳሹም መጀመሪያ የሚደርሰው ለእርስዎ ነው። የሊፍቱ ሞተር ክፍልም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በቀትር አይቼ ፀጥታውን ወድጄ የገባሁበት ቤት መኝታ ክፍሉ ከዚህ ሞተር ሥር ነበር፤ ቀን ቀን የከተማው ጫጫታ የሸፈነውን ድምፅ ሌሊት እያንዳንዱ የሚመሽበት ጎረቤት ይቀሰቅሰው ነበር። ይህ እንከን ከሦስተኛው ዓይነት ነበርና የማደርገው ነገር አልነበረም።

የምድር ወለል ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች ትልቅ ምቾት ነው። አደጋው ያለው በፍሳሹ ነው፦ የጋራው የፍሳሽ ቱቦ ከሕንፃው በታች ሲደፈን፣ ከላይ ካሉት ወለሎች ሁሉ የሚወርደው ፍሳሽ መውጫ አጥቶ የሚገነፍለው በታችኛው ቤት መጸዳጃ ነው። ስለዚህ የምድር ወለል የሚመርጥ ሰው ፍሳሹ መጨረሻ የተደፈነው መቼ እንደሆነ፣ ፍሳሹ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግድ መከላከያም ተገጥሞለት እንደሆነ ሳይጠይቅ አይፈርም።

ስለ አቅጣጫ የምለው አጭር ነው። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ብቻ የሚያዩ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ በመጋረጃ ብቻ መከላከል ያስቸግራል፤ በሞቃት አገር ይህ ከባድ ነው። በሁለት ተቃራኒ ጎኖች መስኮት ያለው ቤት ነፋስ ስለሚያሳልፍ ስፋቱ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ቢመረጥ ይሻላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ በጉብኝቱ ሰዓት የሚደረግ ምርመራ

የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ የስልክ ቻርጀርና ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ገና እንደገቡ ከውኃው ይጀምሩ፤ ምክንያቱም ውኃ እንከኑን ለማሳየት ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቧንቧዎቹ ሁሉ እንደተዘጉ የውኃ ቆጣሪውን አይተው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከመውጣትዎ በፊት ተመልሰው ሲያዩት ማንም ውኃ ሳይቀዳ ከተንቀሳቀሰ የተደበቀ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። ይህ ፈተና እንዲሠራ ከታች ያሉትን የቧንቧ ሙከራዎች ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ያድርጓቸው፤ እስከዚያ ግድግዳውን ይመርምሩ።

የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በጎን ያብሩት። ከፊት ለፊት ሲያዩት ለስላሳ የመሰለው ግድግዳ በጎን ብርሃን እብጠቱንና የተለጠፈበትን ቦታ ያሳያል። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የውጭ ግድግዳ ከጣሪያ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን፣ የመስኮቱን ዙሪያና አብሮ የተሠራ ቁምሳጥን ካለ የውስጥ ጀርባውን ያሽቱት። ሻጋታ በቀለም ይሸፈናል፤ ሽታው ግን የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆያል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ በአብዛኛው ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወደ አንድ ጫፍ እየሰፋ የሚመጣ፣ ወይም የእርሳስ ጫፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በረንዳ ላይ ወጥተው ከሥሩ ሆነው የላይኛውን በረንዳ ይመልከቱ፤ ዝገት መሰል ቡናማ መስመር ወይም የረገፈ ኮንክሪት ካዩ በውስጡ ያለው ብረት መዛግ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ መቼ እንደሚጠገን በጽሑፍ ሳይነገርዎ አይቀበሉት።

አሁን ወደ ውኃው ይመለሱ። የወጥ ቤቱን ቧንቧና የሻወሩን አንድ ላይ ከፍተው መጸዳጃውን ይልቀቁ፤ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ይመልከቱ። ከዚያ የእጅ መታጠቢያውን ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁትና ዝም ብለው ያዳምጡ። ውኃው በሚወርድበት ጊዜ በሻወሩ ወይም በመጸዳጃው በኩል «ቡልቅ ቡልቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የፍሳሹ መስመር አየር አጥቷል ወይም በከፊል ተደፍኗል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጀው ይህ ሙከራ ወደፊት የሚመጣውን መጥፎ ሽታና የሚገነፍል ፍሳሽ አስቀድሞ ይናገራል። በመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሰው ወደ ማፍሰሻው ይሄድ ወይስ ወደ በሩ ይሄድ እንደሆነም ይመልከቱ።

መብራቱን በፍጥነት ይለፉት፦ ቻርጀሩን በየሶኬቱ ይሰኩ፣ ብሬከሩን ይመልከቱ፣ የመፈተሻ ቁልፍ ያለው ከሆነ ተጭነው ይቆርጥ እንደሆነ ይፈትሹ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት ካዩ ይመዝግቡት። በመጨረሻም መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው ለሁለት ደቂቃ ዝም ይበሉ። የንግግርና የሬዲዮ ድምፅ በአየር የሚያልፍ ስለሆነ በመጋረጃና በቁምሳጥን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ከላይ የሚመጣው የእርምጃና የወንበር ድምፅ ግን በኮንክሪቱ ውስጥ ስለሚጓዝ ከታች ሆኖ መከላከል እጅግ ያስቸግራል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ እሳትና መውጫ

በፈረንጆቹ 2017 ሰኔ ወር በለንደን ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ የተነሳው በአራተኛው ፎቅ ወጥ ቤት ከነበረ ማቀዝቀዣ ሲሆን፣ ሕንፃውን ለማደስ ከውጭ የተለበጠው ሽፋን ውስጡ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ ስለነበር ነበልባሉ በደቂቃዎች ወደ ላይ ወጣ፤ ሕንፃው የነበረው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ እሳት አደጋ ቀደም ብለው አስጠንቅቀው እንደነበር ሳስብ ይህን ክፍል አሳጥሬ ላልፈው አልችልም።

ስለዚህ ረጅም ሕንፃ ሲመርጡ ስንት ደረጃ እንዳለው ይቁጠሩ፤ ከቤቱ በር እስከ ደረጃው ያሉትን በሮችም ይቁጠሩ፤ በጢስ ውስጥ የሚመራዎት ያ ቁጥር ነውና። የደረጃው በር በራሱ የሚዘጋ መሆኑን ይፈትሹ። መተላለፊያው በአሮጌ ዕቃና በብስክሌት ተዘግቶ ከሆነ ይህ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ሕንፃው ከተሠራ በኋላ ከውጭ ሽፋን ተለብጦለት ከሆነ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። እሳት ቢነሳ ነዋሪው ወዲያው መውጣት አለበት ወይስ በቤቱ መቆየት የሚለው መመሪያም ለሁሉም ሕንፃ አንድ ስላልሆነ የእርስዎን ይወቁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በ1968 በዚያው በለንደን ሮናን ፖይንት የተባለ ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ በ18ኛው ወለል ላይ በፈነዳ ጋዝ ምክንያት አንዱ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ተናደ፤ ሕንፃው በፋብሪካ ከተሠሩ ግድግዳዎች የተገጣጠመ ስለነበር አንዱ ግድግዳ ሲወጣ የሚሸከም አልነበረም። እንዲህ ባሉ ተገጣጣሚ ሕንፃዎች የውስጥ ግድግዳም ሸክም ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ሳሎን ለማስፋት ብለው ያለ ፈቃድ ግድግዳ ቢያፈርሱ አደጋው በእርስዎ ብቻ አያበቃም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ውልና ቁልፍ

ውሉን ቤት ወስደው ያንብቡ፤ በመስኮት ፊት ሰልፍ እየጠበቀ አይፈርሙ። የኪራይ ጭማሪ በምን እንደሚሰላ፣ የትኛው ጥገና የማን እንደሆነ፣ ማስያዣው መቼ እንደሚመለስ፣ ለስንት ጊዜ ከቤቱ መራቅ እንደሚፈቀድ፣ እንግዳ ወይም ዘመድ እስከ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ይመልከቱ። ለሌላ አሳልፎ ማከራየት በአብዛኛው ያስለቅቃል።

በርክክቡ ቀን እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ ጀምረው በቪዲዮ ይቅረጹ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር በፎቶ ያንሱ፤ ያገኙትን እንከን ሁሉ በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍረው ከተረካቢውም ከአስረካቢውም ፊርማ ጋር አንድ ቅጂ ይውሰዱ። ያገኙትን ስንጥቅ በሁለቱ ጫፎቹ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምረው ቀኑን ከጎኑ ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ስንጥቁ ከመስመሩ አልፎ ከሄደ ከማንኛውም ክርክር የሚበልጥ ማስረጃ በግድግዳው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። የበሩን ቁልፍ ቀደም ያለው ነዋሪ ቅጂ ሊኖረው ስለሚችል ሲሊንደሩ እንዲለወጥ ይጠይቁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከገቡ በኋላ

በአፓርታማ ውስጥ የሚነሳው ትልቁ የዘወትር ችግር እርጥበት ነው። ምግብ ሲበስል፣ ገላ ሲታጠቡ፣ ልብስ በቤት ውስጥ ሲሰጣ ብዙ ውኃ ወደ አየሩ ይገባል፤ ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውኃ ይመለሳል፣ ሻጋታም ይጀምራል። ቁምሳጥንና አልጋን ከውጭ ግድግዳ በመዳፍ ስፋት ያርቁ፤ ምግብ ሲያበስሉ የወጥ ቤቱን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ በቀን ሁለት ጊዜ መስኮቶችን ለአጭር ጊዜ በሰፊው ከፍተው አየሩን ይለውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። ይህን ሁሉ አድርገው ሻጋታው ከተመለሰ ጥፋቱ የአኗኗርዎ ሳይሆን የሕንፃው ነውና «መስኮት ክፈት» በሚል መልስ አይመለሱ። በእንግሊዝ ከፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 ጀምሮ የመንግሥት መኖሪያ ቤት አከራዮች አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ጉልህ የሆነ እርጥበትና ሻጋታን ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ በሕግ ተገድደዋል፤ በእርስዎ ከተማ ያለውን የጊዜ ገደብ ይወቁት።

የጥገና ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። ጥሩ አቤቱታ አጭር ነው፦ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ችግሩ የታየበት ቀን፣ ያስከተለው ጉዳት፣ ፎቶ፣ የሚፈልጉት ነገር። ለምሳሌ «በመታጠቢያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ከላይኛው ቤት የሚወርድ ውኃ ከመጋቢት 3 ጀምሮ አለ፤ ውኃው የመብራት መስመሩን ነክቶታል፤ ቧንቧው እንዲጠገንና መብራቱ በባለሙያ እንዲታይ እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ሁለት ገጽ ምሬት ከያዘ ደብዳቤ ይልቅ ይሠራል። የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ። በስልክ የተነገረዎትንም በዚያው ቀን፣ ከሰዓቱና ካነጋገሩት ሠራተኛ ስም ጋር በደብተር ያስፍሩ።

ከጎረቤት ጋር የሚነሳ የድምፅ ጉዳይ ከመክሰስ በፊት በር በማንኳኳት ይጀመር፤ የሚያስቸግርበትን ሰዓት ለይቶ መናገር «ሁልጊዜ ትረብሻላችሁ» ከማለት ይሻላል። ለሊፍት፣ ለፍሳሽና ለጣሪያ ግን ብቻዎን አይጩኹ። አርባ ቤቶች በአንድ ደብዳቤ ላይ ሲፈርሙ ጉዳዩ የአንድ አስቸጋሪ ነዋሪ መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበር ካለ በመጀመሪያው ወር ይመዝገቡ፣ ከሌለም በየወለሉ አንድ ተጠሪ በመምረጥ ይጀምሩ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ቤተሰቡ ሲለወጥና ቤቱ ሲለቀቅ

ልጅ ሲወለድ፣ ወላጅ አብሮ ሲኖር፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም ጤና ሲታወክ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሰፊ ቤት ወይም የምድር ወለል ዝውውር የሚጠየቀው በተመዘገበ ቤተሰብ ላይ ተመሥርቶ ነው። በብዙ ከተሞች ሁለት ነዋሪዎች ተስማምተው ቤት ለቤት የሚለዋወጡበት መንገድም አለ፤ ለዝውውር ተራ ከመጠበቅ ይፈጥናል፤ ሆኖም የሁለቱም አስተዳደር በጽሑፍ ሳይፈቅድ ዕቃ ማንቀሳቀስ ሁለቱንም ቤት ሊያሳጣ ይችላል። የሚለዋወጡትንም ቤት በአምስተኛው ደረጃ በተገለጸው መንገድ እንደ አዲስ ይመርምሩት።

ሲለቁ ማስታወቂያውን በውሉ በተጻፈው ቀን አስቀድመው ይስጡ፤ ከመውጣትዎ በፊት አስተዳደሩ መጥቶ ቤቱን እንዲያይ ይጠይቁ፤ የመግቢያውን የርክክብ ሰነድና ቪዲዮ ይዘው አብረው ይዙሩ። የቆጣሪዎቹን የመጨረሻ ቁጥር በፎቶ አንስተው ሒሳቡን ይዝጉ፤ የቁልፎቹን ብዛት አስቆጥረው ያስረክቡና የተረከበው ሠራተኛ የፈረመበትን ደረሰኝ ማስያዣው እስኪመለስ ድረስ ያስቀምጡት።